ፈረሱ ጂ5 ላይ ወጣብን፣ ቶሎ ድረሱልን!

የፒያሳው፦ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በቴሌግራም ቼዝ ገጥመናል። እኛ ደሴዎች ጥቁር ነን። በአራተኛው ተራ ፈረሳቸውን ከኤፍ3 ካሬ ወደ ጂ5 ካሬ ወረወሩት። ኤፍ7 ላይ ያለችው ወታደራችን ልትበላ ነው! ከመግሪብ በፊት መልስ መላክ አለብን። ልጆቹ “ወታደር ወደ ዲ5 እንግፋ፣ በወታደር ሲበሉን በፈረስ መልሰን እንብላ” ይላሉ። ልክ ነው?

ሸዋ በር፦ ወንድሜ፣ ሌላው ጦር የት ነው? ቢሾፓቸው (በሰያፍ የሚሄደው) ሲ4 ላይ ነው?

የፒያሳው፦ አዎ፣ ሲ4። የኛ ፈረሶች ኤፍ6 እና ሲ6 ላይ ናቸው። በአላህ ፍጠኑ።

ጋሼ ሰንጠረዥ፦ ልጆች፣ ሌላው ጦር ሳይወጣ አንድ ፈረስ ደጋግሞ ማስጋለብ ነውር ነው። ታራሽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ይቺን እንቅስቃሴ የጀማሪ ብሎ ተሳልቆባታል። በጥንቱ ሰንጠረዣችን፣ በአገራችን ቼዝ፣ በወረራው (በመክፈቻው) ጊዜ ተራ የሚባል አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ያኔ እንኳ አዋቂ ሰው ጦሩን ያሰልፋል እንጂ...

ጦሳ፦ ዲ5 ግፉ። አለቀ።

ሐይቅ ዳር፦ ጨዋታ ላይ ሆኖ ሰው መጠየቅ ማጭበርበር አይደለም እንዴ?

የፒያሳው፦ ቡድን ለቡድን ነው፣ መመካከር ተፈቅዷል። እነሱም እየጠየቁ ነው።

የወልድያ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን። ታራሽ ቢስቅም ኤፍ7ን የሚጠብቃት ንጉሡ ብቻ ነው፤ የሚመጡባት ደግሞ ሁለት ናቸው፣ ፈረሱና ቢሾፑ። የፒያሳው፣ ዲ5 ላይ በፈረስ እንዳትበሉ! ፈረሳቸውን ኤፍ7 ላይ ይሠዉታል። ንጉሣችሁ ሲበላው ንግሥታቸው ኤፍ3 ላይ ቼክ ትላለች፣ ማለት ንጉሡን ታጠቃለች፤ በዚያው ዲ5 ያለውን ፈረሳችሁንም ትይዛለች። እሱን ለማዳን ንጉሡ ራሱ ኢ6 ላይ፣ መሀል ሜዳ ይወጣል። ጉበት ጥብስ የሚሉት ጥቃት ይሄ ነው።

ጦሳ፦ ጉበት ጥብሱ የት ነው? ሸዋ በር ከሆነ መጣሁ።

የፒያሳው፦ ኧረ ተው! ታዲያ ዲ5ን እንተወው?

የወልድያ ልጅ፦ አብሽር፣ ግፉ። ሲበሉ ግን የሲ6ን ፈረስ ኤ5 ላይ አድርጉና ቢሾፑን ንኩት። ቢ5 ላይ ቼክ ይላል፣ ሲ6 ትገፋላችሁ። አንድ ወታደር መክሰራችሁ አይቀርም። ግን ቢሾፑ ይሸሻል፣ ፈረሱንም ወታደር ወደ ኤች6 ገፍታችሁ ታባርሩታላችሁ። እነሱ ሲሸሹ እናንተ ጦራችሁን ታወጣላችሁ። ስለዚህ ጂ5 መጥፎ አይደለችም፤ ወታደር ታስገኛለች፣ ጊዜ ታስከፍላለች። እኔ ብሆን ጥቁሩን እመርጥ ነበር። ጉዱ ኤ5 ላይ ዳር የሚቀረው ፈረሳችሁ ነው፤ እሱን ቶሎ ካላወጣችሁት ይከብዳል።

ጦሳ፦ ብያችሁ ነበር፣ ዲ5።

ቦርከና፦ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ሁሉንም እያነበብኩ ነው፣ አላህ ይስጥልኝ።

ሸዋ በር፦ አንብብ! ሲ6 ላይ ስትበላ በቢ ወታደር መልሰን እንበላለን። ቢሾፕህን ይዘህ ሽሽ።