ሳይነካ የሚሰነጠቅ መጫወቻ መኪና፣ የባርቢዋ 1966 እና ቢጫ የሆነው ሌጎ

ሙዳይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአራት ካርቶን የታሸገ የድሮ መጫወቻ ስብስብ እየመዘገብኩ ፎቶ እያነሳሁ ነው። አብዛኛው የዲንኪና የማችቦክስ ትንንሽ መኪና ነው። ጥቂት ባርቢ አሻንጉሊቶች፣ አንድ ከረጢት ሌጎ (የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ) እና ሁለት የባትሪ መጫወቻም አሉበት። ሦስት ነገር አስቸገረኝ። አንዱ ዲንኪ ማንም ሳይነካው ተሰነጣጥቆ ጠርዙ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ወደ ሌሎቹ ይጋባ ይሆን? አንዷ ባርቢ ወገቧ ላይ 1966 ይላል፤ ፊቷ ግን የዚያ ዘመን አይመስልም። ነጭ የነበረው ሌጎ ደግሞ ቢጫ ሆኗል። ካርቶኖቹ አዲስ አበባ ምድር ቤት ውስጥ ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል። ለዓመታት የሰበሰባችሁ፣ ከምን ልጀምር?

የጎማ_ዱካ፦
እህት ሙዳይ፣ አይጋባም። ሰብሳቢዎች «ዚንክ ፔስት» ማለትም የዚንክ ተባይ ስለሚሉት ነው ሰው እንደ በሽታ የሚፈራው። የመኪናው ገላ ብረት አይደለም፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የገባ ዚንክ ነው፣ 4% ያህል አሉሚኒየም ይጨመርበታል። ሲቀልጥ ትንሽ የእርሳስ ማዕድን ከገባበት፣ ለምሳሌ ከሌላ ሥራ የተረፈ ፍርፋሪ አብሮ ከቀለጠ፣ ያ እርሳስ ሲበርድ በዚንኩ ቅንጣቶች መገናኛ ላይ ይቀራል። እርጥበት በዚያ በኩል ገብቶ ዚንኩን ከውስጥ ይበላዋል። የተበላው ዚንክ ከመጀመሪያው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ገላው ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ሊቨርፑል የነበረው የዲንኪ አምራች ሜካኖ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራቸው ዲንኪዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ማችቦክስን ጨምሮ ከጦርነቱ በኋላ የወጡት ላይ በጣም ያነሰ ነው።

መድኃኒት የለውም፤ የሚቻለው ማዘግየት ብቻ ነው። ቀለም መቀባትም ሆነ በሱፐር ግሉ መሙላት አይረዳም፣ እብጠቱ ከሥር ይቀጥላል። ጎማዎቹ ላይ አታቁሚው፤ ክብደቱ አክሱሉ የገባበትን ቀዳዳ ይሰብረዋል። ሆዱን በለስላሳ የፖሊኤቲሊን ስፖንጅ ደግፊው። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶውን ዛሬ አንሺ፦ አራቱን ጎን፣ ጣሪያውንና ሥሩን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገሽ። ከዚህ የተሻለ መልክ አይኖረውም።

የሌሎቹን ዲንኪዎች ርዝመት በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት በሚለካ መሣሪያ) ለክተሽ በየዓመቱ መዝግቢ። አንድ ሚሊሜትር እንኳ ከጨመረ ጀምሯል ማለት ነው። ቀለሙ ሳይጋጭ ከተነፋ፣ ወይም ጎማው መዞር ካቆመ፣ ያም ምልክት ነው።

ቀጭን_ብሩሽ፦
የባርቢዋን በተመለከተ፦ ወገቧ ላይ ያለው ዓመት የተሠራችበት ሳይሆን ለገላዋ ንድፍ መብት የተመዘገበበት ነው። አምራቹ ማቴል 1966ን እስከ 1990ዎቹ ድረስ በወጡ ባርቢዎች ላይ ሲያትም ኖሯል። በዚህ ቁጥር ተታሎ በውድ የሚገዛ ሰው ስለማይጠፋ በደንብ ይታወቅ። ከዓመቱ ይልቅ የአገሩን ስም እይ። የመጀመሪያዎቹ ባርቢዎች ጃፓን ነው የተሠሩት፤ ታይዋን፣ ፊሊፒንስ፣ ማሌዥያና ቻይና የሚሉት ኋላ የመጡ ናቸው። ከፀጉሯ ሥር ማጅራቷ ላይም ጽሑፍ ይኖራል፤ 1976 የሚል ካገኘሽ ጭንቅላቱ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ወገቡ ምንም ቢል።

ማችቦክስም እንደዚያው ነው። ሥሩ ላይ «ሌስኒ» (የማችቦክስ አምራች) እና «እንግሊዝ» ካለ ኩባንያው በ1982 ከመክሰሩ በፊት የተነደፈ ነው። ማካው፣ ታይላንድ ወይም ቻይና የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ጎማውም ይናገራል፦ ቀድሞ ብረት፣ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከ1969 ወዲህ ደግሞ ቀጭን አክሱል ያለው ፈጣኑ «ሱፐርፋስት»። ነገር ግን ገላና ሥር ከተለያየ መኪና ሊገጣጠም ስለሚችል ሪቬቱን፣ ማለትም ሁለቱን የሚያያይዘውን የብረት ችንካር፣ በማጉያ መነጽር እይው። የፋብሪካው ጫፉ ለስላሳ ሆኖ የተደፈጠጠ ነው፤ መሃሉ በድሪል የተበሳ ወይም ሙጫ ያለበት ከሆነ ተከፍቶ ነበር።

አንድ የኛ ነገር ልጨምር። መዝገቡ በአማርኛ ከሆነ ከእያንዳንዱ ዓመት ፊት «እ.ኤ.አ.» ጻፊ። ያለዚያ 1966ን አንባቢው እንደ ዓ.ም. ወስዶ ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል። ዓመቱን ስትሞዪም «ከ1966 ወዲህ» በዪ እንጂ «የ1966» አትበዪ።

ሙዳይ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማጅራቷ ላይ እውነትም 1976 አለ፣ ወገቧ ላይ ደግሞ ፊሊፒንስ። ሌጎውንስ በፐርኦክሳይድ ማንጣት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ሰማያዊ_ክዳን፦
ይቻላል፣ ግን ቢጫው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ አንዳንዱም ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ለሚታይ ቁራጭ ብቻ አድርጊው። ፋርማሲ የሚሸጠው 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል። በፈሳሽ ሳሙናና ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ውኃ አጥበሽ፣ ብርጭቆ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፊውና ፀሐይ ላይ አድርጊው፤ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት። ክዳን አታጥብቂ፣ ኦክስጅን እየወጣ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል። አረፋው ቁራጮቹን ወደ ላይ ያነሳቸዋል፤ ከውኃው የወጣው ጎን ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። በየሰዓቱ አማስይ፣ ወይም ከላይ ሌላ ብርጭቆ ሳህን ጫኚበት። ጓንትና መነጽር አድርጊ። ሥዕል ወይም ስቲከር ያለበት፣ ብረት ወይም ሞተር ያለው አይግባ።

ከ1963 በፊት የተሠራ ሌጎ ካለሽ ለብቻው አስቀምጪው። ያኔ ቁሱ ሴሉሎስ አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ ነበር፤ ይጣመማል፣ እየቆየም እንደ ኮምጣጤ የሚሸት አሲድ ያወጣል፣ ያ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ብረት ይጎዳል።

ባትሪዎቹን ዛሬውኑ አውጪ። የአልካላይን ባትሪ ነጭ ቅርፊት በኮምጣጤ በራሰ ጥጥ ይለቃል፤ የድሮው ዚንክ ካርቦን ግን አሲድነት ስላለው በቤኪንግ ሶዳ ነው። ከዚያ በአልኮል ጠርገሽ አድርቂ። ባርቢዎቹ የብረት ጉትቻ ካላቸው አውልቂ፣ ጆሮውን አረንጓዴ የሚያደርገው መዳቡ ነው።

ስለ ምድር ቤቱ፦ ካርቶኑን ጣይ፣ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ለመኪናዎቹ ክዳኑ የሚገጥም የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሳጥን እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር፤ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50% እንዲሆን ትንሽ መለኪያ ውስጡ አድርጊ። እንደ ባርቢ ያለ የቪኒል አሻንጉሊት ግን አየር ይፈልጋል። ከረጢት ውስጥ ከታሸገ ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ወደ ላይ ወጥቶ ገላው ያጣብቃል። የመኪና ጎማም ፕላስቲክ እንዳይነካ ለይው፣ ሳይነቃነቅ ከቆየ ፕላስቲኩን አቅልጦ ቦይ ያወጣበታል።

የጎማ_ዱካ፦
አንድ የቀረ፦ ቁጥሩን በእርሳስ በወረቀት ጽፈሽ በጥጥ ክር እሰሪ። ፕላስተር አትለጥፊ፤ ሲነሳ የድሮውን ቀለም ይዞት ይመጣል።