ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም የሚልበት ቢሮ፤ ምን ይበጃል?

ጥያቄ
የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት አስተባብራለሁ። አሥራ አንድ ሠራተኞች ነን። ኩታበርና ቃሉ ወረዳዎች ላይ ከሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ጋር እንሠራለን። ዘር ማከፋፈልም አለብን።

ጥር ላይ ለጋሹ በጀት ቀነሰብን። ቦርዱ የሁላችንም ደመወዝ ለስድስት ወር በ20 በመቶ እንዲቀንስ ወሰነ። ደብዳቤውን አዘጋጅቼ ለእያንዳንዱ ሰው ሰጠሁ። ሁሉም ፈርሞ ተቀበለ። ማንም አልጮኸም። እኔም «ተመስገን፣ ተረዱኝ» ብዬ ነበር።

አልተረዱኝም። ከዚያ ወዲህ የሰኞ ስብሰባ ላይ የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ። ስድስት ዓመት አብራኝ የሠራች የፊልድ ሠራተኛ «የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው» ብላ ለቀቀች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የዘር ተቀባዮች ዝርዝር ላይ ዘጠኝ ቤተሰቦች ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግበው አገኘሁ። ሁለት ልጆች ነገሩን ካወቁ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ አልነገሩኝም። «ማን ነው የመዘገበው?» ስል ሁሉም ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ።

የተማርኩት ግብርና ነው። ሰው መምራትን የለመድኩት በሥራ ላይ ነው። ዓርብ ዓርብ ቡና ማፍላት ጀምረናል። ይጠጣል፣ ይመረቃል፣ ዝምታው ግን ያው ነው። ደመወዙን መመለስ አልችልም። እነዚህን ልጆች ማጣትም አልፈልግም፤ ጎበዞች ናቸው። የሥራ ቦታ ሥነ ልቦና የምታውቁ ካላችሁ ምን ላድርግ?

መልስ
ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ። ፋብሪካ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን እንዳንቺው ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ደብዳቤው ላይ ነው።

ጄራልድ ግሪንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ በ1990 ያሳተመው ጥናት አለ። አንድ ኩባንያ በሁለት ፋብሪካዎቹ የሠራተኛውን ደመወዝ ለ10 ሳምንት በ15 በመቶ ቀነሰ። በአንደኛው ፋብሪካ የኩባንያው ኃላፊ ራሱ መጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሠራተኛው ጋር ተቀመጠ። ለምን እንደተቀነሰ አስረዳ፣ ቁጥሩን አሳየ፣ ማዘኑን ተናገረ፣ ጥያቄ መለሰ። በሌላኛው ሩብ ሰዓት ያህል ተሰብስበው ውሳኔው ተነገራቸውና ተበተኑ። የቀረባቸው ገንዘብ እኩል ነው። ስርቆት በሁለቱም ፋብሪካ ጨመረ፤ በቅጡ ያልተነገራቸው ጋ ግን በጣም ባሰ። ሥራ የለቀቀውም ሰው እዚያ በዛ።

እኔ ብሆን ስብሰባውን እንደ አዲስ እጠራለሁ። ለጋሹ ስንት ቀነሰ? ምን ቀረ? ሌላ ምን አማራጭ ታይቶ ነበር? ሰው ከማሰናበት ይልቅ ደመወዝ መቀነስ ለምን ተመረጠ? ያንቺስ ደመወዝ ስንት ሆነ? ሁሉንም በብር ተናገሪ። «በደብዳቤ ማሳወቄ ጥፋት ነበር» በያቸው። ከስድስት ወር በኋላ የሚሆነውን ካላወቅሽ «አላውቅም» በይ። እባክሽ «ዓላማችን ከገንዘብ ይበልጣል» የምትለዋን ግን እንዳታስገቢያት። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለሚያሰላ ሰው ትመራለች።

ሌላም ነገር፤ የሥራ ውል የሚሻሻለው በሁለቱም ወገን ስምምነት ነው። ደብዳቤ ደረሰኝ ብሎ መፈረም ተስማማሁ ማለት ላይሆን ይችላል። የሕግ ባለሙያ አማክሪ።

መልስ
ነርሷ (ወልድያ)

እኔን የነካኝ የምዝገባው ነገር ነው። ሥራዬ ስህተት ሰው የሚጎዳበት ሥራ ስለሆነ ይሆናል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ምሁር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን አጥንታ ነበር። በደንብ የሚመሩ ክፍሎች የመድኃኒት ስህተታቸው ያንሳል ብላ ጠበቀች። ያገኘችው ግን ተቃራኒውን ሆነ። የተመዘገበው ስህተት በጥሩዎቹ ክፍሎች በዝቶ ተገኘ። ጠጋ ብላ ስታየው፣ እነዚያ ክፍሎች ስህተታቸውን በግልጽ ያወሩ ነበር፤ ሌሎቹ ይደብቁታል። በ1999 ባሳተመችው ጥናት ደግሞ ሰው ሳይፈራ የሚናገርበትን ድባብ የቡድን ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት አለችው። እኛ ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች እንላለን። ያንቺ ልጆች ላታቸውን ቤት አስገብተዋል።

አንድ ሌሊት ለአልጋ 7 የታዘዘውን መርፌ ይዤ አልጋ 9 ጋ ቆሜያለሁ። ክንዱን በአልኮል ጠርጌ ጨርሻለሁ። የአባቱን ስም ስጠራ «እሱ እኔ አይደለሁም» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ጠዋት ለክፍሉ ኃላፊ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «የት ጋ ነው ያሳሳተሽ?» አለች። ሁለቱ በሽተኞች መጠሪያ ስማቸው አንድ ነበር። በዚያው ቀን ካርዳቸው ላይ ቀይ ምልክት አደረግን። «ምን ነካሽ?» ብላኝ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ አፌን አልከፍትላትም ነበር። ስለዚህ «ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። «ቅጹ የት ጋ አሳሳተን?» በያቸው።

ደግሞ አስተዳደጋችንን አትርሺ። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል ተብለን ነው ያደግነው። አለቃ ሐሳቧን ቀድማ ከሰጠች ያ ነገር አለቀ። መጨረሻ ላይ ተናገሪ። ከትንሹ ሠራተኛ ጀምሪ። ካልሆነም ለሁሉም ብጣሽ ወረቀት ስጪና ይጻፉ።

መልስ
የፊልድ ሰው (ወገልጤና)

እህታለም፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን አበሉን ልጠይቅሽ። በሰዓቱ ይከፈላል? ሂሳብ በስንት ቀን ይወራረዳል?

ይህን የምለው አይቼው ነው። የሞተር ነዳጅ በኪሴ ገዝቼ ደረሰኙን ይዤ ሁለት ወር ዞሬአለሁ። ክረምት ነበር፤ ዝናብ ጃኬቴን አልፎ አረሰውና ቁጥሩ ጠፋ። ሂሳብ ክፍሉ «የማይነበብ ደረሰኝ አንቀበልም» አለኝ። ገንዘቡ ትልቅ አልነበረም። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ሩቅ ቀበሌ ሂድ ስባል ምክንያት መፈለግ ጀመርኩ። ሄርዝበርግ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በፈረንጆቹ 1959 ያለው ነገር እውነት ነው። ደመወዝ፣ የቢሮ አሠራርና የሥራ ሁኔታ ሲበላሹ ሰውን ያስመርሩታል። ሲስተካከሉ ምሬቱ ይቀራል፤ ሰውን ለሥራው የሚያነሳሳው ሌላ ነው፤ የሠራው ሲታይለት፣ ኃላፊነት ሲሰጠው። መጀመሪያ ምሬቱ ይነሳ። ቡናው ከዚያ በኋላ ይጣፍጣል።

ሁለተኛው ነገር ድካሙ ነው። በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርሰው የእኔም ቤት ተዘርፏል። ወር ሳይሞላ ቅጽ ይዤ የሌላውን ሰው የተዘረፈ ቤት እየዞርኩ መዘገብኩ። አንዲት እናት «ምጣዴን ሳይቀር ወሰዱት» ስትለኝ ቀና ብዬ ሳላያት «ሌላስ?» አልኳት። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ክርስቲና ማስላክ የምትባል ተመራማሪ የሥራ መዛል ሦስት መልክ አለው ትላለች። ጉልበትና ስሜት ይሟጠጣል፤ ሰው ለሚያገለግለው ሰው ልቡ ይደነድናል፤ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2019 ከሥራ የሚመጣ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ነው አላለም። እኔ «ሌላስ?» ስል ሁለተኛው ላይ ደርሼ ነበር። የልጆችሽ ዝምታ ቁጣ ብቻ ላይሆን ይችላልና እዪው። የዓመት ፈቃዳቸውን በትክክል ይወስዳሉ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ 16 የሥራ ቀን ነው። ብዙ ድርጅት ውስጥ ወረቀት ላይ ይቀራል።

መልስ
ሐይቅ ዳር

እኔ አጭር ነገር ላክል። አዳም ግራንት የሚባል የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2007 ያሳተመው ጥናት አለ። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች በገንዘቡ የሚማር አንድ ተማሪ ጋር አምስት ደቂቃ ተነጋገሩ። ከወር በኋላ በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜ በ142 በመቶ፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብ በ171 በመቶ ጨመረ። የምስጋና ደብዳቤ ብቻ ያነበቡት ላይ ለውጥ አልታየም።

የሂሳብ ሠራተኛሽና ዘበኛው የቁጠባ ቡድን ስብሰባ አይተው ያውቃሉ? አንድ ቀን ውሰጃቸው። ካሜራ አትያዙ።

የጠያቂዋ ምላሽ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ
የሆጤዋ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ስብሰባውን እንደ አዲስ ጠራሁ። በጀቱን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ የእኔን ደመወዝ ጨምሮ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከባድ ነበር። ከዚያ ሾፌራችን «ቢሮው ውስጥ ምንጣፍ ሲቀየር ያየነው ገንዘብ ከየት ነው?» አለ። የአምናው በጀት ነበር፤ ሰነዱን አመጣሁላቸው። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ሲያሰላስሉ እንደነበር አላውቅም።

ስለ ምዝገባው «ቅጹ የት ጋ አሳሳተን?» ስል ወዲያው መልስ መጣ። ሴቶቹ አንዴ በባላቸው ስም፣ አንዴ በቁጠባ ቡድናቸው ስም ተመዝግበዋል። ቅጹ ላይ የትዳር ጓደኛ ስም መጻፊያ ቦታ የለውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ይህን ሊነግሩኝ ፈርተው ነበር። አሁን ተስተካክሏል።

አበል በሃያ ቀን ነበር የሚወራረደው። ወደ አምስት ቀን አውርደነዋል። ደረሰኝ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ከፊልድ ሳይመለሱ ይላካል። የውሉን ጉዳይም ከጠበቃ ጋር ሆነን ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በጽሑፍ ተስማምተናል፤ የተቀነሰው ከአራተኛው ወር ጀምሮ ወደ 10 በመቶ እንዲወርድ ቦርዱን አሳመንኩ።

ለለቀቀችው ልጅ ደወልኩላት። የደመወዙን ነገር ከደብዳቤው በፊት ከሌላ ቢሮ ሰው ሰምታ ኖሯል። «ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን ከውጭ ሰው ልስማ?» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሌላ ሥራ ይዛለች፤ አትመለስም።

አንድ ልጅ ግን አሁንም ዝም እንዳለ ነው። ሥራውን ይሠራል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሌላ የለም። ቢሮዬ ጠርቼ ላናግረው?

መልስ
ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

ቢሮ አትጥሪው። አለቃ ፊት ለፊት ተቀምጦ ልቡን የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። ቃሉ ስትወርዱ ጋቢና ውስጥ አጠገብሽ ይቀመጥ። የሐረጎን ቁልቁለት እስክትወርዱ ስለ ሥራ አታንሺ። የሠራውን አንድ ነገር፣ የትኛውን ቀበሌና የትኛውን ቀን እንደሆነ ጠቅሰሽ አመስግኚው። ከዚያ ዝም በይ። ካልተናገረም በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና አጠገብሽ ይቀመጥ።