ከብረት ወደ ካርቦን ፋይበር ፓራውልት፦ ዊንቹ የት ይታሰር?

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ። ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። የቀድሞው ባለቤት ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት፣ መኪና ሲያዝ በገመድ ከሚስበው ዊንች ጋር፣ አስገጥሞበታል። ፓራውልቱን ብቻውን አስወርጄ በእህል ሚዛን ሳስመዝነው 62 ኪሎ ሆነ። መኪናው ወደ ፊት ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አፍንጫው አስፋልቱን የሚነካ ይመስለኛል። ወንድሜ ከዱባይ የፊትና የኋላ የካርቦን ፋይበር ፓራውልት ልኮልኛል። የፊቱ 9 ኪሎ ነው። ማሰሪያም መመሪያም ግን አብሮት አልመጣም።

እርሻዬ ከጫንጮ ወጣ ብሎ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ዋልካ ውስጥ መያዝ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ ዊንቹን መተው አልችልም። ፓራውልቱን በስቼ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ልሰረው? ዊንቹስ የት ይቀመጥ? በአካባቢዬ ያሉ ጋራዦች ካርቦን ነክተው አያውቁም።

መልስ፦ ከሰበታ፣ የጋራዥ ባለቤት

ወንድሜ፣ ትራፓኖ ከማንሳትህ በፊት ዕቃው በእርግጥ ካርቦን መሆኑን እይ። ካርቦን ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ፋይበር ግላስ (በሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክር) ሆኖ ከላይ አንድ ስስ ካርቦን የለበሰ አለ፤ የካርቦን መልክ የታተመበት ላስቲክ ብቻ የተለጠፈበትም አለ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለህ ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ ቅቡን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አስነካው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ቴስተሩ ይጮኻል፣ ፋይበር ግላስ ግን አያስተላልፍም። ውጩንም ውስጡንም ሞክር።

አበሳሱ እንደ ላሜራ አይደለም። ፑንታው አዲስና ስለታም ይሁን፤ በቀጭን ጀምረህ አስፋ። ከኋላ እንጨት ደግፍበት፣ ፊቱ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት፤ አለበለዚያ ፑንታው ሲወጣ የኋላውን ንብርብር ይዞት ይነሳል። የቀዳዳውን ጠርዝ ኢፖክሲ (ክሩን የሚያያይዘው ጠንካራ ሙጫ) ቀባው፣ በንብርብሮቹ መካከል ውሃ እንዳይሰርግ። ከዚያ በየቀዳዳው ከፓራውልቱ ውፍረት ጋር እኩል የሆነ አጭር የብረት ቱቦ አስገባና ብሎኑን በውስጡ አሳልፍ። ዳዶው ሲጠብቅ ጫናውን የሚቀበለው ቱቦው ስለሚሆን ካርቦኑ አይጨፈለቅም። ሮንዴላው ሰፋ ያለ ይሁን። እኛ ጋራዥ ውስጥ የለመድነው ዳዶ እስኪጮኽ ማጥበቅ እዚህ ቦታ የለውም።

ዊንቹ ደግሞ ካርቦኑን ጨርሶ አይንካው። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ የሚገጠም ዊንች ብዙውን ጊዜ 4 ቶን ያህል ይስባል፤ ያንን የሚሸከመው ሻንሲ ብቻ ነው። የብረት ትሪ አሠርተህ ከሁለቱ የሻንሲ ጫፎች ጋር እሰረው፣ ፓራውልቱ ከላይ ልብስ ይሁንለት። መጎተቻ መንጠቆውም እንደዚያው ከሻንሲው ጋር ይታሰር።

መልስ፦ የጫንጮ መንገድ ሾፌር

ልጄ፣ በዚያ መንገድ ጭነት ሳመላልስ ነው ያረጀሁት። አህያ ከነጭነቷ ስትገባብህ ብረት ይጎብጣል፤ ባለ መዶሻ በየከተማው አለ፣ አቃንቶልህ ትሄዳለህ። ካርቦን መጉበጥ አያውቅም። ወይ ይችላል፣ ወይ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም እንደ ቀርከሃ ሹል ስንጥር ያወጣል። ማን ያቃናልሃል? ሽጠውና በገንዘቡ ቀለል ያለ የቱቦ ብረት አሠራ።

መልስ፦ ከለገጣፎ፣ መካኒካል መሐንዲስ

ጋሼ፣ ስለ ስብራቱ ያሉት ልክ ነው። ልጁን ያስቸገረው ግን ክብደቱ ስለሆነ ስሌቱን እንየው። በአሁኑ ሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ከ8 ሳንቲም ተኩል አለ። ፓራውልቱ ከፊት ጎማው መሃል 90 ሳንቲም ያህል ቀድሞ ተንጠልጥሏል እንበል። 62 ኪሎ ወጥቶ 9 ሲገባ ልዩነቱ 53 ኪሎ ነው፤ ከፊት ጎማዎች ላይ የሚነሳው ሸክም ግን 68 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ የኋላዎቹ ላይ ደግሞ 15 ያህል ይጨመራል። ቀላል አይደለም። አፍንጫው ከፍ ስለሚል የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የሰበታው ወንድማችን ያላነሳው የዝገቱን ነገር ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ለቴስተሩ ቢጠቅምም ለብሎኑ ጠላት ነው። ካርቦንና ተራ ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው የባትሪ ሥራ ይጀምራሉ፣ የሚበላው ብረቱ ነው፤ አሉሚኒየም ሲሆን ይብሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ውስጥ ለሚኖር መኪና ይህ ቀልድ አይደለም። ብሎኑም፣ ሮንዴላውም፣ ያ አጭር ቱቦም የማይዝግ ብረት ይሁኑ፤ ካርቦኑ ከማሰሪያው ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ጉሚኒ ወይም አንድ ንብርብር ፋይበር ግላስ ይግባ።

ስትበሳው ከመኪናው አርቀህ ብሳው። ብናኙም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የሽቦ መገናኛዎች ውስጥ ከገባ ያገናኛል። ለሳንባና ለዓይንም አይበጅም፤ ማስክ፣ መነጽርና ጓንት አድርግ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ኢፖክሲ ትጎዳለች፤ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ አስቀባው።

አንድ ነገር ሄደህ እይልኝ። ከፓራውልቱ በስተኋላ ከሻንሲ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፈው የፋብሪካው ማጠናከሪያ ብረት አለ? ግጭት ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። የኤርባግ ሴንሰሮችን ከቦታቸው ማንም እንዳያነሳቸው።

ጠያቂው፦ ከሱሉልታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቴስተሩ የፊቱን ሲነካ በውጭም በውስጥም ጮኸ። የኋላው ግን ውጩ ሲጮኽ ውስጡ ዝም አለ፤ ብፍቀው ነጭ ክር ነው። ወንድሜ የከፈለው ለሁለቱም የካርቦን ዋጋ ነበር! ማጠናከሪያው ብረትም የለም፣ ለዊንቹ ቦታ ሲባል ተቆርጧል። የኋላውን ልመልሰው?

መልስ፦ ከሰበታ፣ የጋራዥ ባለቤት

የዋጋውን ነገር ወንድምህ ከሻጩ ጋር ይነጋገርበት እንጂ ዕቃው ለኋላ መጥፎ አይደለም። ፋይበር ግላስ ከካርቦን የበለጠ ይለመጣል፣ ቢሰነጠቅም የሚጠግነው ባለሙያ አታጣም። ፊተኛው ከተሰነጠቀ ግን ጠጋኙን የምትጠቀመው ምን ሙጫ ነው ብለህ ጠይቀው። ፖሊስተር ካለህ እንቢ በል፤ በኢፖክሲ በተሠራ ዕቃ ላይ በደንብ አይዝም። የማርሚታው ጫፍ የኋላውን እንዳይጠጋው፣ ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ሰሌዳው የሚታሰርበትን ቦታም አሁኑኑ አስብበት፤ ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ እንዳትመለስ።

መልስ፦ ከለገጣፎ፣ መካኒካል መሐንዲስ

ማጠናከሪያው ከሌለ ካርቦኑን አትግጠም። መጀመሪያ የፋብሪካውን ብረት ፈልገህ አስገጥም። እሱ ከገባ በኋላ ለዊንቹ ትሪ ቦታ ላይተርፍ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ዊንቹን የሚነቀል ትሪ ላይ አድርገው፤ ከኋላ ከሻንሲው ጋር በሚታሰር ጠንካራ የመጎተቻ መቀበያ ውስጥ የሚሰካ ይሁን። ሲያስፈልግ ትሰካዋለህ፣ በሌላ ጊዜ ካሶኒ ውስጥ ይቀመጣል። ከባትሪው እስከ ኋላ ወፍራም ገመድና ማቋረጫ ይፈልጋል፤ እሱን ለኤሌክትሪሻን ተወው። ከፊት ደግሞ የዊንቹም ክብደት ይነሳልሃል።

መልስ፦ የጫንጮ መንገድ ሾፌር

አንቺ ልጅ፣ ይህንን መጀመሪያ ብትዪው ኖሮ ሽጠው አልለውም ነበር። ዋልካ ውስጥ የገባ መኪና ወደ ኋላ ሲሳብ ነው የሚሻለው፤ የመጣህበት መሬት ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ተሸክሞሃል። ስትስብ ገመዱ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ወይም እርጥብ ጆንያ ጣልበት፣ ቢበጠስ እንዳይገርፍ። ሊያግዝ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ፣ በተለይ ልጆቹን፣ ከገመዱ ርዝመት በላይ አርቃቸው።