የገና ስጦታ፦ የትኛውን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ተወልዳ ላደገች፣ ማብሰል ለምትወድ፣ አማርኛ ግን ለማታነብ የእህቴ ልጅ የሚሆን መጽሐፍ መምረጥ አቃተኝ። ብዙዎቹ ለዶሮ ወጥ «ሽንኩርት 3 ራስ» ብለው ያልፋሉ፤ እዚህ አገር አንዱ ራስ ሁለት ቡጢ ያክላል፣ ውሃም ይበዛዋል። ክብደቱን በግራም ካልጻፈ፣ ሽንኩርቱም ያለ ዘይት በዝግታ ውሃው እስኪመጥጥ እንዲቁላላ ካላዘዘ ወጡ ይቀጥናል። በኮረሪማ ፈንታ ሄል የሚያስገባም አልፈልግም። እንጀራን ያለ እርሾ በቤኪንግ ፓውደር የሚያሳይማ ጭራሽ!

የዮሐንስ ገብረየሱስ «ኢትዮጵያ» (2018) ያላችሁ፣ መጠኑ በግራም ነው? ቅቤ ማንጠሩንስ ከነቅመሙ ያሳያል? ከሱ ጋር የሚሄድ፣ ስለ ማዕድ የሚያወጋና መንፈስ የሚያድስ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍም ጠቁሙኝ። ለሁለቱም የያዝኩት 60 ዶላር ነው።