ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ በሶብላ ከየት ይገዛል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፓሊዮ የሚባለውን አመጋገብ ጀምሬያለሁ። እህል የለም፣ ጥራጥሬ የለም፣ ወተትና ስኳርም የለም። የሚበላው ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ያለ እንጀራና ያለ ሽሮ ሥጋና ጎመን ብቻ ቶሎ ይሰለቻል፤ በሶብላ ሲገባበት ግን ሌላ ምግብ ይሆናል። ጥያቄዬ፦ ከገበያ ያልተፈጨውን ልግዛ ወይስ ከባልትና ቤት የታሸገውን ዱቄት? እርጥብ ቅጠል የሚሸጥበት ካለም ጠቁሙኝ።

የባሶና ልጅ፦ የታሸገ ዱቄት በፍጹም! ከአንድ ባልትና ቤት ገዝቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ፌስታሉን ስከፍተው ሽታ የሚባል የለውም። ቀለሙ የደረቀ ሣር ነው። ጠርጥሬ ትንሽ በብርጭቆ ውሃ ላይ ብበትነው ከሥር አሸዋ ቀረ፣ ከላይ የአገዳ ስብርባሪ ተንሳፈፈ። ከዚያው ፌስታል ለክርስትና የሚሆን ቅቤ አንጥረንበት ነበር፣ ያ ሁሉ ቅቤ! ልመልስ ስሄድ «እኛም እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» አሉኝ።

መሀል ሜዳ፦ ኧረ በውስጥ መስመር ስሙን ላክልኝ፣ እኔም እዚያ ሳልገዛ አልቀርም። የኔው ግን በርበሬ ነው። ወጡ ሲሠራ ቀለሙ ወጣ እንጂ አያቃጥልም።

ሰላሌ፦ በርበሬን እርሱት። ዛላውን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ ወፍጮ ቤት ቆማችሁ አስፈጩ። ከሱ ውጭ መፍትሔ የለም።

መሀል ሜዳ፦ ወፍጮ ቤትስ? የፊተኛው ሰው ዱቄት ውስጥ ቀርቶ ከኔው ጋር ይደባለቃል።

የእማዬ ደንበኛ፦ እህቴ፣ ቅዳሜ ገበያ ውጪና ቅመም ተራ ግቢ። እኔ የምገዛባቸው እናት አሉ። እናቴም ከሳቸው ነበር የምትገዛው። በሶብላው፣ ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው ሁሉ ከሳቸው ነው። ሌላ ቦታ ገዝቼ አላውቅም፣ አልገዛምም።

አንኮበር፦ ሌላ ቦታ ካልገዛሽ የሳቸው እንደሚበልጥ በምን አወቅሽ?

የእማዬ ደንበኛ፦ ምርቃታቸው ብቻ ይበቃኛል። ከሰፈሩልኝ በኋላ አንድ እፍኝ ይጨምሩልኛል። ለልጆቼም ይጸልያሉ። አለቀ።

አንኮበር፦ እሺ፣ ጸሎቱን በኪሎ ስንት ይሸጡታል? ልጅቷ በሶብላ ነው የጠየቀችው።

ሮቢት ነኝ፦ እኔ ሸዋ ሮቢት በመስኖ አትክልት እናለማለን፣ ዳር ዳሩን በሶብላ አለን። የምገዛው ብለሽ ከሆነ ያልተፈጨውን ግዢ። ለቅመም የሚፈለገው አበባው ያለበት ጫፉ ነው። አንዱን ዘለላ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እሺው። ትናንሽ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ኩባያዎች ይረግፋሉ፣ ውስጣቸው ጥቁር ፍሬ አለ። ሽታው እጅሽ ላይ ከቀረ ጥሩ ነው፤ ወዲያው ከጠፋ የከረመ ነው ወይም ፀሐይ ላይ የደረቀ። በሶብላ ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ቤት ስትወስጂ ሳትፈጪ በጠርሙስ ከድነሽ አስቀምጪ፣ ለዕለቱ የሚበቃሽን ብቻ ውቀጪ። እርጥቡን ቅጠል ደግሞ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው። ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል።

ጠያቂዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ! ቤት ብተክለውስ?

ሮቢት ነኝ፦ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ጋ 1,300 ሜትር አይሞላም። በሶብላ ሙቀት ይወዳል፣ ውርጭ በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ውርጭ ታውቂዋለሽ። በቆርቆሮ ተክለሽ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አድርጊው፣ ማታ ውጭ አታሳድሪው። ቅጠሉን ከፈለግሽ አበባ ሲጀምር ጫፉን ቅጠፊው፣ ያኔ ጎኑን ያቆጠቁጣል። አበባውን ለቅመም ከፈለግሽ ተዪው።

ጓሳ፦ በሶብላ ከቆላ ከምታስመጪ እዚሁ ደጋ ያለውን ጦስኝ ለምን አትሞክሪም? መንዝ ሞልቷል። ለሻይም ለሥጋም ይሆናል፣ ውርጭ አይፈራም።

ሰላሌ፦ እኔ የማይገባኝ፣ ጾም ላይ ምን ልትበዪ ነው? ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ። ሽምብራውንና ምስሩንም ከከለከሉሽ ምን ቀረሽ?

የባሶና ልጅ፦ ትክክል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በጎመንና በአቮካዶ ልትወጪው ነው?

ጤና ባለሙያ ነኝ፦ ጾሙን ለራሷ እንተውላት። ስለ በሶብላው አንድ ነገር ልበል። ካሎሪው ትንሽ ነው፣ 100 ግራም እርጥብ ቅጠል 23 ካሎሪ ገደማ ነው ያለው። ቫይታሚን ኬ ግን በዚያው መጠን 400 ማይክሮግራም ገደማ አለው፣ ይህ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው በብዙ ይበልጣል። በእርግጥ 100 ግራም በአንዴ የሚበላ የለም፤ ወጥ ላይ የሚነሰነስ ቁንጥር ማንንም አይጎዳም። ግን ቤት ውስጥ ዋርፋሪን፣ ማለት የደም ማቅጠኛ፣ የሚወስድ ሰው ካለ ቅጠሉን በእፍኝ መብላት ሳይጀምር ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱ የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ስለሆነ አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ምንም መብላቱ ልኬቱን ያዛባዋል። በሽታ ያድናል የሚሉሽን አትስሚ። ጥሩ ቅመም ነው፣ ጨው ይቀንስልሻል፣ ይኸው ይበቃል።

ጠያቂዋ፦ አባቴ እሱን መድኃኒት ይወስዳል! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጠሉን ከነጭ ሽንኩርትና ከለውዝ ጋር ወቅጬ በዘይት ሥጋ ላይ ላደርገው አስቤ ነበር።

ጤና ባለሙያ ነኝ፦ ለውዝ ጥራጥሬ ነው፣ ካልሽው አመጋገብ ጋር አይሄድም። በሱፍ ፍሬ ተኪው። ለአባትሽ ግን ሳይጠየቅ አታቅርቢ።

የእማዬ ደንበኛ፦ ሱፍም እኚያው እናት ጋ አለ፣ የተለቀመ።

የባሶና ልጅ፦ ያ ባልትና ቤትም ሱፍ ይሸጣል። እንዳትሳሳቺ።

መሀል ሜዳ፦ ስሙን እስካሁን አልላክልኝም።

አንኮበር፦ ሮቢት ያለኸው ወንድም፣ በሚኒባስ ኮሰረትም ትልካለህ?