የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎችና ሠራተኞች ታሪክ፦ ፍለጋው ከየት ይጀመር?

ጮራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ለሚያድጉ ልጆቻችን ስለ ሃዋርድ ጥቁር ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች አነስ ያለ ዐውደ ርእይ ታስቧል። ማእከሉ ሃዋርድ ሕክምና የተማሩት የኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ዘመን ነው። የተማሪ ፋይል ለማየት ለሬጅስትራር (ለተማሪዎች መዝገብ ክፍል) መጻፍ ያዋጣል? ስማቸው ሲፈለግ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ምንም የለም። ለምን?

ማኅደረ፦
ከሬጅስትራር አትጀምሩ። የ1974ቱ የአሜሪካ የተማሪ መዝገብ ሕግ፣ ፌርፓ የሚሉት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በሕይወት ያለ ሰው ፋይል ያለ ፈቃዱ እንዲከፈት አይፈቅድም። ዶክተር መላኩ በ1940 ስላረፉ ሕጉ እርሳቸውን አይመለከትም፤ ያም ሆኖ መስጠት አለመስጠቱ የዩኒቨርሲቲው ፈንታ ነው፣ ቶሎም አያልቅም። የታተመውን አስቀድሙ። ዓመታዊው ካታሎግ በብዙ እትሞቹ የተማሪውን ስም ከመጣበት አገር ጋር ያወጣል። ከዚያ በ1924 የተመሠረተው የተማሪዎች ጋዜጣ ዘ ሂልቶፕ አለ፤ ቀጥሎ የዓመት መጽሐፉ ዘ ባይሰን። ብዙው የዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር በሆነው ዲጂታል ሃዋርድ ላይ ይገኛል።

ስሙ የሚጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አሮጌ ኅትመት ስካን ሲደረግ ማሽኑ ፊደል ያሳስታል፤ ስለዚህ ፍለጋው ባዶ ቢመልስም የተማሪዎቹን ዝርዝር ገጽ በገጽ እዩት። ሁለተኛ፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር አንዱ «ማላኩ» ብሎ በኤም ተራ፣ ሌላው «ባየን» ብሎ በቢ ተራ ያስቀምጣቸዋል። በያን፣ ቤየን፣ ማላኩ ኢ. ባየን፦ ሁሉንም ሞክሩ። አገሩንም «ኢትዮጵያ» ብቻ ሳይሆን «አቢሲኒያ» ብላችሁ ፈልጉ።

ቀመር፦
ዘመኑንም ተጠንቀቁ። ከሕክምና ትምህርት ቤቱ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ የእኛ ጽሑፍ 1927 ሊል ይችላል። ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም ዋዜማ ልዩነቱ 8፣ ከዚያ በኋላ 7 ነው። ደግሞ የአሜሪካ ኑሯቸው የተጀመረው ሃዋርድ አይደለም፤ ኦሃዮ ውስጥ ማስኪንገም ኮሌጅ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሃዋርድ ውስጥ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ነጻ አስተያየት፦
«የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ» ብላችሁ በደፈናው አትጻፉ። በ1867 በኮንግረስ ሕግ ሲቋቋም ስሙን ያገኘው ከነጩ ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ነው፤ በሩም ለሁሉም ዘር ክፍት ነበር። የመጀመሪያው ቋሚ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሞርዴካይ ጆንሰን የተሾሙት በ1926 ነው። ጆን መርሰር ላንግስተን በ1870ዎቹ በተጠባባቂነት መርተዋልና «ቋሚ» የምትለዋን ቃል እንዳትጥሏት። ከተቋቋመ ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ! ዐውደ ርእዩ ይህን ካለፈ የ1926ቱ ሹመት ክብደቱ አይታይም።

የተመራቂ ዝርዝር ብቻ ከያዛችሁ ደግሞ የናይጄሪያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ናምዲ አዚኪዌ ይቀሩባችኋል፤ ሃዋርድ ተምረው የተመረቁት ከሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነው።

ማኅደረ፦
ስለ መምህራን፦ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪን ካልያዛችሁ የኢትዮጵያ ክፍል ባዶ ነው። ከ1922 እስከ 1959 የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ አስተማሩ፤ በ1934 የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤት ሲቋቋም መሪው እርሳቸው ነበሩ፣ መላኩም አብረው ነበሩ። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውምና «ዶክተር» ብላችሁ ፓነል ላይ እንዳትጽፉ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸላሚ ናቸው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋን ዶሮቲ ፖርተርንም ጨምሩ። ከ1930 ጀምሮ ዛሬ ሞርላንድ-ስፒንጋርን የሚባለውን የሃዋርድ የጥቁሮች ታሪክ ስብስብ ያደራጁት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍን በርእስ ቁጥር በሚለዩበት በዴዊ አመዳደብ የጥቁር ሰው መጽሐፍ ርእሱ ምንም ይሁን 325 ወይም 326፣ ማለትም ቅኝ ግዛት ወይም ባርነት፣ ሥር ይወረወር ነበር። ፖርተር ግጥሙን ከግጥም፣ ታሪኩን ከታሪክ አስገቡት። በሌሎች ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ካታሎግ ስትፈልጉ ግን እነዚያን ሁለት ቁጥሮች፣ እንዲሁም «ኒግሮ» እና «ከለርድ» የሚሉትን የዘመኑን ቃላት ሳትጠየፉ ተጠቀሙ።

ምጣድ፦
ወጥ ቤት፣ ጽዳትና ጥበቃ የሠሩትስ? ካታሎግ አያነሣቸውም። በ1930፣ 1940 እና 1950 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ላይ «የሥራ ዓይነት» እና «የሥራ መስክ» የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ ሁለተኛው ላይ «ዩኒቨርሲቲ» የተባለውን ያዙ። በስም ብቻ መፈለግ ስለማያዋጣ በሌድሮይት ፓርክና በጆርጂያ አቬኑ ዙሪያ ያሉትን ወረዳዎች ቅጽ በቅጽ ተመልከቱ፤ ከዚያ ከከተማው የአድራሻ ማውጫ ጋር አመሳክሩ። የ1960ው ቆጠራ ቅጾች ለ72 ዓመት ተዘግተው እንዲቆዩ በሚያዘው ደንብ ምክንያት እስከ 2032 ዝግ ነው።

ፎቶ ስትሰቅሉ፦ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው በነጻ ይባዛል። ያልታተመ ፎቶ ግን አሮጌ ስለሆነ ብቻ ነጻ አይደለም፤ የማባዣ ፈቃዱን ቅጂውን ስታዙ አብራችሁ ጠይቁ።