በሳምንት 1 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ ተፈቅዷል፤ ሰዓቱን በምን እንሙላው?

ጠያቂ (ኦዲዮሎጂስት፣ የመስማት ምርመራ ባለሙያ)፦

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። ሁለት ኦዲዮሎጂስቶችና ሦስት የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስቶች በአንድ ክሊኒክ እንሠራለን። ለመጪዎቹ 12 ሳምንታት በየሳምንቱ 1 ሰዓት ቀጠሮ ሳይያዝበት ለሙያ ማሻሻያ ብቻ እንዲውል ተፈቅዷል። የተለመደው አካሄድ አንዱ ስላይድ ያቀርባል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ይፈረማል። ሰዓቱ ተሟልቶ ይመዘገባል፤ ታካሚ ፊት ስንቀመጥ ግን እጃችን የሚሠራው ያንኑ የድሮውን ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከየት እንጀምር? መሻሻላችንን በምን እንለካ? ሁለቱ ሙያዎች አብረው ይማሩ ወይስ ለየብቻ? ያለን መሣሪያ ኦዲዮሜትር (መስማትን የሚለካ)፣ ቲምፓኖሜትር (መሃል ጆሮን የሚፈትሽ)፣ የሪል ኢር መለኪያ (መስሚያ መሣሪያው ጆሮ ውስጥ የሚያደርሰውን ድምፅ የሚለካ) እና የድምፅ መቅጃ ነው።

መልስ 1 (ኦዲዮሎጂስት፣ አሠልጣኝ)፦

ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ፋይል አውጡ። ተሰብስቦ «የቱ ርዕስ ይሻላል» መባባል ሁሉም ወደሚወደው ርዕስ ነው የሚወስደው፤ ስህተቱ የሚደበቀው ግን ማንም በማይጠራጠረው የዕለት ሥራ ውስጥ ነው። ለእናንተ ለሁለቱ ኦዲዮሎጂስቶች ማስኪንግን፣ ማለትም አንዱ ጆሮ ሲለካ ሌላው እንዳይሰማለት በሹሹታ መያዝን፣ አስቀድሜ እመርጣለሁ፤ እዚያ የተሳተ ቁጥር ወደ መስሚያ መሣሪያው ቅንብርም ወደ ሐኪሙ ውሳኔም ይከተላልና።

በቀን ቅደም ተከተል የመጨረሻዎቹን 20 ኦዲዮግራሞች (የመስማት ልኬት የሰፈረባቸውን ሰንጠረዦች) ውሰዱ። ጥሩ ጥሩውን አትምረጡ። ስም ሸፍኑና ተለዋወጡ፤ አንዱ የሌላውን ይፈትሽ። በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነት ደረጃ) የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ማስኪንግ ያስፈልግ ነበር? ካስፈለገስ ተደርጓል? የብሪታንያ ኦዲዮሎጂ ማኅበርን አሠራር ብትከተሉ፣ በአየር (በማዳመጫ) የተለካው የሁለቱ ጆሮ ልዩነት ጆሮ ላይ በሚደፋ ማዳመጫ 40 ዴሲቤል፣ ጆሮ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ 55 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያስፈልጋል። የሌላው ጆሮ የአጥንት ውጤት (የራስ ቅልን በሚያነዝር መሣሪያ የተለካው) ከአየሩ የተሻለ ከሆነ ንጽጽሩ ከአጥንቱ ጋር ነው፤ በፋይል ውስጥ በብዛት ተዘሎ የሚገኘውም ይኸኛው ነው። በአጥንት ሲለካ ደግሞ የራስ ቅል ድምፁን ብዙም ሳይቀንስ ወደ ማዶ ስለሚያሻግር፣ የአየርና የአጥንት ልዩነት 10 ዴሲቤል ሲደርስ ማስኪንግ ግድ ነው።

ቀጥሎ አንድ ምሳሌ በወረቀት ሥሩ። ግራ ጆሮ በ1000 ኸርዝ 10 ዴሲቤል፣ ቀኝ ጆሮ ያለ ማስኪንግ 60፣ የሚደፋ ማዳመጫ። ልዩነቱ 50 ነው፤ ስለዚህ 60ው የቀኝ ጆሮ ስለመሆኑ ዋስትና የለም። በግራ በኩል 20 ዴሲቤል ማስኪንግ ስጡ፤ ፉጨቱ በ60 ጠፍቶ በ70 ይሰማል። ማስኪንጉ 30 ሲሆን 80 ይሆናል፣ 40 ሲሆን 90። 50ም 60ም ላይ ያው 90 ነው። ማስኪንጉ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ቢለዋወጥም ውጤቱ ካልተነቃነቀ ፕላቶው (ውጤቱ የሚረጋበት ቦታ) ተገኝቷል፤ የቀኝ ጆሮ ትክክለኛ ትሬሾልድ (ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ) 90 ነው። በ60 ተሞልቶ የነበረውን መስሚያ መሣሪያ አስቡት፤ 30 ዴሲቤል ስህተት!

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው 30 ወይም 40 የሚል አንድ ቋሚ ማስኪንግ ለሁሉም ሰጥቶ መጨረስ ነው። ሁለተኛው ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ሲታይ ማቆም። ሦስተኛው መመሪያው ነው፤ ታካሚው ሹሹታውን በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። እንዲህ በሉት፦ «እንደ ነፋስ የሚነፍስ ድምፅ ይሰማዎታል፤ እሱን ይተዉት። ፉጨቱን በሰሙ ቁጥር ግን፣ በጣም ደካማም ቢሆን፣ ቁልፉን ይጫኑ።» ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብዙ የተዘበራረቀ ኦዲዮግራም ታድናለች።

ለልምምድ ታካሚ አትጠብቁ። አንዳችሁ በአንድ ጆሮ ለስላሳ የስፖንጅ መሰኪያ ያድርግ፤ ሌላው በአየርና በአጥንት ይለካው። መሰኪያው የአየርና የአጥንት ልዩነት በፈጠረበት ጆሮ ላይ ሙሉ የማስኪንግ ሥራ ይኖራችኋል። በ250 እና በ500 ኸርዝ የአጥንቱ ውጤት ከወትሮው ተሽሎ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ የጆሮው ቀዳዳ ሲዘጋ ዝቅተኛው ድምፅ ይጎላልና ነው። በአጥንት ስትለኩ የሚለካውን ጆሮ በማዳመጫ እንዳትሸፍኑት የሚባለውም ለዚህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በአጥንት በ250 ኸርዝ ከ25 ዴሲቤል፣ በ500 ከ55 ዴሲቤል አካባቢ ጀምሮ ታካሚው የሚመልሰው ንዝረቱን በቆዳው ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። ከባድ የነርቭ የመስማት ጉዳት ያለበት ሰው የሌለ የመሃል ጆሮ ችግር የሚጻፍበት በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 2 (የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት)፦

ከላይ ያለውን እደግፋለሁ። በእኛ በኩል ግን ኦዲዮሜትሩ የራሳችን ጆሮ ነው፤ እሱን ካላመሳከርነው የቀረው ምዘና ሁሉ ይናጋል። ሦስታችሁም አንድ የ5 ደቂቃ ቅጂ ለየብቻ መዝኑ። ውጤት ሳትጽፉ አትነጋገሩ፤ ከሦስቱ ነባሩ ቀድሞ ከተናገረ የቀሩት ሁለቱ የሰሙትን ሳይሆን እሱ ያለውን ይጽፋሉ።

በጠቅላላ ድምር አትታለሉ። ሁለት ሰዎች በ300 ክፍለ ቃላት ውስጥ የመንተባተብ ቦታዎችን ቆጠሩ እንበል። ሁለቱም 12፣ 12 አገኙ፤ 4 በመቶ። ፍጹም ስምምነት ይመስላል። ቦታ ለቦታ ሲታይ ግን የተስማሙት በ7ቱ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ብቻ የቆጠራቸው 5፣ ሌላው ብቻ የቆጠራቸው 5። ስምምነቱ 7 ሲካፈል ለ17፣ ማለትም 41 በመቶ ነው። ብዙዎች የሚፈልጉት ቢያንስ 80 ነው። የሚሠራው ሥራ ያለው በእነዚያ 10 ቦታዎች ላይ ነው፦ አብራችሁ መልሳችሁ አዳምጡ፣ ምን ሲሰማ እንደሚቆጠር በአንድ መስመር ጻፉ፣ ከዚያ በሌላ ቅጂ ሞክሩት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ የመጀመሪያ ቅጂ ደግማችሁ መዝኑ፤ ከራስ ጋር አለመስማማትም አለና።

ለአነባበብ ምዘናም መንገዱ ያው ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የቃላት ዝርዝር ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ቀ የሉበትም። አማርኛ ተናጋሪ ልጅን በእሱ መመዘን ከድምፆቹ ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ነው። ጠ በቃል መነሻ፣ መሃልና መድረሻ የሚገኝባቸውን ቃላት ራሳችሁ ሰብስቡ። አድማጮች በጣም የሚለያዩት ጠ ነው ወይስ ተ የሚለው ላይ ስለሚሆን፣ ለመጀመሪያው ልምምድ እሱን ምረጡ።

ለቅጂውም ተጠንቀቁ። የስልክ መልእክት መላኪያ የድምፅ ቅጂ ፋይሉን ስለሚጨምቀው የስ እና የሽ ልዩነት ይደበዝዛል። ሳይጨመቅ፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ ቅዱ፤ ማይክሮፎኑ ከአፍ 15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ጫጫታ ማጥፊያው ይዘጋ። የታካሚው ወይም የወላጁ ፈቃድ ለሥልጠና ጭምር መሆኑ በጽሑፍ ይኑር።

የመዋጥ ችግር ያለባቸውን የምታዩ ከሆነ አንድ ሳምንት ለፈሳሽ ውፍረት መለኪያው ስጡ። የዓለም አቀፉ የኢድሲ (IDDSI) ሚዛን ከ0 እስከ 7 ነው፤ ለፈሳሹ 10 ሚሊሊትር ሲሪንጅና ሰዓት ይበቃል። ሲሪንጁን እስከ 10 ሙሉ፣ ጫፉን ልቀቁ፣ 10 ሰከንድ ሲሞላ ዝጉት። የቀረው ከ1 ሚሊሊትር በታች ከሆነ ደረጃ 0፣ ከ1 እስከ 4 ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ሆኖ ጥቂት ከፈሰሰ ደረጃ 3፣ ምንም ካልፈሰሰ ደረጃ 4 ነው። ሲሪንጅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊሜትር መሆኑን በማስመሪያ ለኩ። አየር የያዘና እየቆየ የሚወፍር ፈሳሽም ውጤት ያዛባል፤ ለታካሚው በሚቀርብበት ሰዓትና ሙቀት ለኩት። አምስታችሁ አንድ ፈሳሽ በማየት ብቻ ደረጃ ስጡት፣ ከዚያ ለኩት። የዓይን ግምት ምን ያህል እንደሚለያይ እዚያው ይታያል።

መልስ 3 (ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ኦዲዮሎጂስት)፦

«አብረን ወይስ ለየብቻ» ለሚለው፦ ስምንቱ ሳምንት ለየብቻ፣ አራቱ አብሮ። አብሮው የሚጠቅመው ሁለቱ ሙያ በአንድ ልጅ ላይ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ መስሚያ መሣሪያ ያደረገ ልጅ።

ልጁ «እኔስ?» ማለት ሲገባው «እኔ?» እያለ ከቀጠለ ቴራፒስቱ የሰዋስው ግብ ይጽፍለታል። የስ ጉልበት ያለው ግን ከ4000 ኸርዝ በላይ ነው፤ መሣሪያው እዚያ ካላደረሰው ልጁ ያልሰማውን ድምፅ እንዲናገር እየጠየቅነው ነው። ስለዚህ በጋራው ሰዓት የሪል ኢር መለኪያው ይውጣ፣ ቴራፒስቶቹም ስክሪኑን ያንብቡ። የመለኪያዋ ቱቦ ጫፍ ከጆሮ ታምቡር በ5 ሚሊሜትር ውስጥ መድረስ አለበት፤ ከጆሮው መግቢያ በታች ካለችው ስርጉዳት ጀምሮ ለአዋቂ ሴት 28፣ ለአዋቂ ወንድ 30 ሚሊሜትር ገደማ ምልክት ይደረግባታል፤ ለልጅ ያጥራል። ቱቦዋ ከራቀች ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ባለሙያው ያንን ለማካካስ ይጨምርና ልጁ መሣሪያውን አውልቆ ይጥለዋል። ንግግሩን በ55፣ በ65 እና በ75 ዴሲቤል አጫውቱ፤ ዝቅተኛውን፣ 55ቱን፣ የሚዘል ብዙ ነው፣ ልጅ ግን ከክፍሉ ጥግ የሚነገረውን የሚያገኘው በእሱ ነው።

ቴራፒስቶቹ በበኩላቸው መስማት የሚፈተሽባቸውን የሊንግ ስድስት ድምፆች፣ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ም፣ ሽ፣ ስ፣ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ይፈትሹ፤ አፍ ሳይታይ፣ መጀመሪያ ከ1 ሜትር፣ ከዚያ ከ3 ሜትር። እዚህ ላይ በፊደል የሚያስብ ሰው የሚሳሳተው አለ፦ ስ እና ሽ ሲነበቡ ሳናውቀው ጭራቸው ላይ አናባቢ እንቀጥልባቸዋለን፤ ልጁም አናባቢውን ሰምቶ እጁን ያነሣል። ጥርስ ገጥማችሁ ጉሮሮ ሳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ብቻ አውጡት፤ ሁለት ጣት ጉሮሮ ላይ አድርጎ መለማመድ ነው። በየሦስት ሰከንዱ አትበሉትም፤ ልጅ ምቱን ይዞ ይገምታል። በመሃል ረዘም ያለ ዝምታ አስገቡ።

ስለ ምዝገባው በአጭሩ። የአሜሪካው የንግግር፣ ቋንቋና መስማት ማኅበር በ3 ዓመት 30 ሰዓት ይጠይቃል። የብሪታንያው የጤና ባለሙያዎች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም፤ ምዝገባ በየ2 ዓመቱ ሲታደስ 2.5 በመቶ የሚሆኑትን መርጦ ትምህርቱ ለታካሚ ምን እንደጠቀመ ማስረጃ ያስቀርባል። ሕጋችሁ የመጀመሪያውን ዓይነት ቢሆንም መዝገባችሁን እንደ ሁለተኛው ያዙት።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከ20ው ፋይል በ12ኛው ሳምንት ስንት ቢስተካከል ነው መሻሻል የምንለው? ሁለተኛ፣ ታካሚ ፊት ተቀምጦ የሚታዘበው ባልደረባ ስህተት ቢያይ ያቋርጥ?

መልስ 1 (ኦዲዮሎጂስት፣ አሠልጣኝ)፦

ከ20 ውስጥ አንድ ፋይል 5 በመቶ ስለሆነ ከ14 ወደ 16 ቢወጣ ምንም አትበሉ፤ በዕድልም ይሆናል። ከ9 ወደ 17 ከሆነ ግን ለውጥ ነው። ሁለተኛውን ፍተሻ በ12ኛው ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከዚያ 3 ወር ቆይታችሁም ድገሙት፤ ማስኪንግ የሚረሳው ልምምዱ ከቆመ በኋላ ነው። ፋይሎቹ የፊቱና የኋላው ተደባልቀው፣ ቀናቸው ተሸፍኖ ይታረሙ፤ አራሚው የትኛው አዲስ እንደሆነ ካወቀ ሳያስበው ይራራለታል።

ታዛቢው አያቋርጥም፤ የሚያቋርጠው የተሳሳተ ጆሮ ሲለካ፣ ድምፁ ከሚገባው በላይ ሲጮህ ወይም ታካሚው ሲቸገር ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ ያየውን ከ8 በማይበልጡ «ተደርጓል፣ አልተደረገም» ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ያስፍር፦ መመሪያው ተነግሯል ወይ፣ ማዳመጫው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል ወይ፣ 1000 ኸርዝ ተደግሟል ወይ፣ ፉጨቱ ሲሰማ 10 ወርዶ ሳይሰማ 5 ወጥቷል ወይ፣ ፕላቶው ሦስት ጊዜ ታይቷል ወይ፣ ወዘተ። ወረቀቱን በዚያው ቀን፣ ከሥራ መውጫ በፊት፣ ለሁለት ብቻችሁን ተቀምጣችሁ እዩት። ወረቀቱ ለኃላፊ አይሂድ፤ ከሄደ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁሉም ሳጥን «ተደርጓል» ሆኖ ታገኙታላችሁ።